«እፈራለሁ» ብላ ነበር

ይህን የምናገረው ለልጅ ልጆቼና ለእናንተ ለእኩዮቻቸው ነው። ግማሹን ራሴ ጽፌዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና ስለሆነ እጄ ሲደክመኝ ደግሞ እኔ እየተናገርሁ ልጄ ጽፋዋለች። ስለ አገር ቤት ኑሮ፣ ስለ መንገዱ መከራ፣ አዲስ አበባ ስለጠበቅንበት ጊዜ ሌሎቹ ሽማግሎችና ባልቴቶች ከእኔ አሳምረው ተናግረዋል። እኔ የማወራው ስለ አንዲት ቃል ነው። ቃሉ የእኔ አይደለም፣ የሌላ ሴት ነው። እኔ ግን ወስጄ ለወጥሁት።

ሰፈራችን ሺምሾን ትባላለች፣ አሽከሎን ውስጥ። መጽሐፉ ከተማዋን አስቀሎና፣ ሰውዬውን ሶምሶን ይለዋል። መጀመሪያ ስንገባ በማን ስም እንደተጠራች እንኳ አላወቅሁም ነበር። ኋላ ቄሱ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ሶምሶን በእስራኤል ላይ ሃያ ዓመት የፈረደ ዳኛ ነው፣ ወደ አስቀሎናም ወርዶ ሠላሳ ሰው ገድሎ ልብሳቸውን ወሰደ። ለምን ቢባል የእንቆቅልሽ ውርርድ ለመክፈል። እኔን የገረመኝ ግን ሚስቱ ናት። የእንቆቅልሹን ፍቺ ካላወጣሽ አንቺንም የአባትሽንም ቤት እናቃጥላለን አሏት፣ እሷም ፈርታ አወጣች፣ ኋላ ግን አልቀረላትም፣ አቃጠሏት። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ስትፈራ ለማን ትናገር? ባሏ ዳኛ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ከእሱ በፊት ዲቦራ ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ ትፈርድ እንደነበር ተጽፏል። ሰፈራችን በእሷ ስም ብትጠራ ምን ነበረበት እላለሁ፣ አንዳንዴ አውቶቡስ ስጠብቅ።

እኔ የተወለድሁት ጎንደር፣ ከአምቦበር ወረድ ብሎ ነው። በ13 ዓመቴ ተዳርሁ። የልጅ ልጄ አንድ ቀን ሕጉን አንብባ ነገረችኝ፤ በ1960፣ በአገር ቤት አቆጣጠር በ1952፣ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ ከ15 ዓመት በታች አትዳርም ይል ነበር አለችኝ። «ሳብታ፣ ያንቺ ጋብቻ እኮ ሕገ ወጥ ነበር!» አለች እየሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሕጉ አዲስ አበባ ነበረ፣ እኛ ወንዝ ማዶ ነበርን። ያው ሕግ ደግሞ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስት በሕግ በተፈቀደ ነገር ሁሉ ትታዘዘው ይል ነበር። ይኸኛው ግን ሳይጻፍም ደርሶን ነበር።

በእኛ አገር ሰው ሲጣላ ወደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው። በዚህ እንድታፍሩ አልፈልግም። እናንተ እዚህ ተወልዳችሁ «ሽምግልና» ስትሉ አፋችሁን ጣል ታደርጋላችሁ፣ አይቻለሁ። ሽማግሌ ገንዘብ አይቀበልም። ዛፍ ሥር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይሰማል፣ ነገ ተመለሱ ይላል፣ እንደገና ይሰማል። ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ አገር ቤት ሚሽፓት ገብቼ ዳኛዋ ሰዓቷን ስታይ፣ ሰው የልቡን ሳይጨርስ «ቶዳ» ሲባል ሳይ፣ የእኛ ሽማግሎች ትዝ ብለውኝ አልቅሻለሁ። ጠበቃን ደግሞ በልጅነቴ አልወደውም ነበር። ነገረ ፈጅ ይባል ነበር፣ እኛ ግን ነገር አባዢ ነው የምንለው። ለአንዱ ወገን ብቻ የሚናገር፣ ከፍሎ ላመጣው ሰው አፉን ያከራየ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌ ለሁለቱም ነው የሚያስበው እል ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፣ ስሸሽ ነው እንጂ።

በ1991 በግንቦት መጣን። በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ካመጡት ጋር እኛም ከነልጆቻችን፣ ከጀርባዬ ልጅ አዝዬ። ጥቂት ዓመት ካራቫን ኖርን፣ ኋላ በማሽካንታ ሺምሾን ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ገዛን። እኔ በሽማግሌዎች ማረፊያ ቤት ልብስ አጥብ ነበር፣ እዚያ ከሞሮኮና ከሩሲያ ሴቶች ጋር እየዋልሁ ዕብራይስጤ ከባሌም ከጎረቤቶቼም ቀደመ። ስለዚህ የሰፈሩ አፍ እኔ ሆንሁ። ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ እኔ፣ ትምህርት ቤት ሲጠሩ እኔ፣ ወረቀት ከባንክ ሲመጣ እኔ። ኩራትም ነበረብኝ፣ አልዋሽም።

በ1998 ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ልጅ እግር ሴት ነበረች፣ ሦስት ልጆች ያሏት። ባሏ ይመታት ነበር። ሁላችን እናውቃለን፣ ግድግዳው ስስ ነው። አንድ ሌሊት ግን እሷ ራሷ ሚሽታራ ደወለች። መጡ፣ ወሰዱት፣ ወደ ቤት አትቅረብ የሚል ትዕዛዝም ወጣበት። የልጅ ልጄ እንደምትለው እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ የሚያዘው በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል የወጣው ሕግ በ1991 ነው የጸደቀው። እኛ ከአውሮፕላን በወረድንበት ዓመት ማለት ነው። ሰባት ዓመት አብረን አንድ አገር ኖረናል፣ እኔና ሕጉ፣ ሳንተዋወቅ።

ሰፈሩ ታመሰ። ባሏን በፖሊስ አስወጣች ተባለ። የእሱ ዘመዶች ከሌላ ከተማ ሽማግሌ ይዘው መጡ፣ ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ ክፉ አይምሰሏችሁ። ሰባት ወንዶች ሳሎን ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር ኩሽና። ወንዶቹ «አንቺ ሴት ለሴት አነጋግሪያት» ብለው ላኩኝ፣ እኔም ሄድሁ። ምን አልኋት? ያው እናቴ ለእኔ ያለችኝን። ቻይው እህቴ አልኋት። ልጆችሽን እይ። እስር ቤት ቢገባ ማን ያሳድጋቸዋል? የሰው አገር ነው። እኔስ አልተመታሁም? ችዬ አይደለም እዚህ የደረስሁት?

ያን ጊዜ «እኔስ ችዬ» ያልሁት እውነት ነበር። ለዚህ ነው ያደከማት ይመስለኛል። የወንዶቹን ምክር ትችለው ነበር፣ የእኔን ግን እምቢ ማለት አቃታት።

በማግስቱ ክሱን ላንሳ ብላ ሄደች፣ ለማስተርጎም እኔ አብሬያት ሄድሁ። ከጠረጴዛው ማዶ ያለችው መኮንን ወጣት ነበረች። ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ «ትፈሪዋለሽ?» እኔ በአማርኛ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ መሬት እያየች «እፈራለሁ እትዬ፣ ግን ምን ላድርግ» አለች። እኔም ወደ መኮንኗ ዞሬ በዕብራይስጥ «ታርቀናል ትላለች፣ አትፈራም» አልሁ።

ይኸው ነው። መኮንኗ ጻፈች፣ እሷ ፈረመች።

ከአምስት ወር በኋላ ሆስፒታል ገባች። ግራ ጆሮዋ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ከሆስፒታል ወጥታ ከነልጆቿ ወደ ሴቶች መጠለያ፣ ከዚያም ወደ ቂርያት ጋት ሄደች። ሽማግሎቹ አዘኑ፣ እኔም አዘንሁ፣ ሁላችንም «እሱ ነው እንጂ እኛ ምን አደረግን» አልን። ስለ ቃሉ ግን ለማንም አልተናገርሁም። ለባሌም፣ ነፍሱን ይማር፣ አልነገርሁትም።

በ2023 መኸር ጦርነቱ ሲጀመር የልጅ ልጄ እኔ ዘንድ ነበረች። ሕግ ጨርሳ ስታዥ ላይ ናት። ሕንጻችን አሮጌ ነው፣ ማማድ የለውም። አዛካው ሲጮህ ከጎረቤት ሁሉ ጋር ደረጃው ላይ እንቀመጣለን። አንድ ሌሊት እንዲያው ለማዳመጥ ብዬ ሥራዋን ጠየቅኋት። የምትሠራው ሳኔጎሪያ ነው፣ ገንዘብ ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ የሚያቆምበት ቢሮ። በዚያ ሳምንት ጠበቃዋን የምትረዳው ሚስቱን መታ ተብሎ በተከሰሰ ሰው ጉዳይ ነው አለችኝ። ስሙን አልነገረችኝም፣ ብጠይቃትም አትነግረኝም።

ተናደድሁ። «ለዚህ ነው ያስተማርንሽ?» አልኋት። «ለእሱ ነው የምትናገሪ? ሴት አይደለሽም?»

«ሳብታ፣ እሱም የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል» አለች። «ለእሷ ዐቃቤ ሕግ አለ። የራሷም ጠበቃ ልታመጣ ትችላለች። እኔ እሱ ያላለውን አልልም፣ እሱ ያለውንም አልደብቅም። ሌላው የዳኛው ሥራ ነው።»

እሱ ያላለውን አልልም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጆሮዬ ጭው አለ። አዛካው ካቆመም በኋላ አልተነሣሁም፣ ጎረቤቶቹ ሲገቡ እኛ ቀረን። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገርሁ። የሚገርመው አልተቆጣችኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ «ያን ቀን በማን ስም ነበር የተናገርሽው?»

በእሷ ስም፣ ብዬ ልመልስ አልሁና አልወጣልኝም። በሰባቱ ወንዶች ስም እንዳልል፣ እነሱ እዋሽ ዘንድ አላዘዙኝም። ለሰላም ብዬ ነው፣ ለልጆቹ ብዬ ነው አልሁ። «ሰላም ደንበኛ አይደለም፣ ሳብታ» አለች። ይህን አባባሏን እስከ ዛሬ አልወደድሁትም፣ ሰላም ለኛ ብዙ ነገር ነው። ነገር ግን መልስም አላገኘሁለት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤያለሁ፣ ዕድሜ ጊዜ ይሰጣል። እንዲህ ይመስለኛል። በዚያ ሳሎን ባልየው ሰባት ተናጋሪ ነበረው፣ ከእኔ ጋር ስምንት። እሷ አንድም አልነበራትም። እኛ ለሁለቱም እናስባለን እንል ነበር፣ ግን ለሁለቱም ያሰብነው እኛው እንጂ እሷ አልነበረችም። እናንተ «እኩልነት» ስትሉ እኔ ድሮ የምሰማው ሴት ታሸንፍ፣ ወንድ ይዋረድ ማለት ነበር። አሁን ግን ሌላ ሆኖ ይታየኛል፤ ሚዛኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት የእሷ ቃል፣ እንዳለችው፣ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ይድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ትረታ ወይም ትረታባት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ሴት አታውቅም አይልም፣ ልብ በሉ። ታውቃለች ነው የሚለው። መጨረሻው ግን በሌላ አፍ ነው።

በኦሪት የሰለጰአድ ልጆች አሉ፣ አምስት እኅትማማች፤ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካ፣ ቲርጻ። የእነዚህን ስም መጽሐፉ ጽፎታል። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ በረሃ ላይ ሞተ። እነሱም በሙሴና በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ርስት ስጡን አሉ። ሙሴ ምን አደረገ? ታገሡ አላላቸውም። ነገራቸውን ወስዶ በእግዚአብሔር ፊት አቀረበ፣ ትክክል ተናገሩ ተባለ። በአገር ቤት ቄሶቹ ይህን በግእዝ ሲያነቡ ቆሜ ሰምቼ ይሆናል፣ ምን እንደሚል ያወቅሁት ግን እዚህ አርጅቼ ነው። ታሪኩ በዚያ አያልቅም። የነገዳቸው አባቶች ኋላ መጡና ርስታችን ወደ ሌላ ነገድ እንዳይሄድ አሉ፣ ልጆቹም ከነገዳቸው ብቻ እንዲያገቡ ተወሰነ። ሽማግሌ መቼም ሳይጠራ አይቀርም።

የልጅ ልጄ ስለ አገር ቤቷ መዓዛ አሸናፊም አጫወተችኝ። በ1995 የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ ናት፣ ለድሃ ሴቶች ያለ ክፍያ ጥብቅና የሚቆም ማኅበር። በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ በአርሲ ተጠልፋ፣ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። የዚያን ጊዜው የወንጀል ሕግ ጠላፊ ጠልፎ ካገባት ክስ ይቀርለታል የሚል ነበር፣ አስቡት። ሽማግሌ ገብቶ «ያው ተጋቡ» ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ማኅበሩ ጠበቃ አቆመላት፣ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ ለቀቃት። በ2000 የቤተሰብ ሕጉ ተለወጠ፣ የጋብቻ ዕድሜ 18 ሆነ፣ ባል አለቃ ነው የሚለውም ወጣ። ቀጥሎ የወንጀል ሕጉ ተለወጠና የጠላፊው ማምለጫ ተዘጋ። መዓዛም በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነች፣ በአገሩ የመጀመሪያዋ ሴት።

ደስ ይላል፣ ግን እኔን የያዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በዚያች ልጅ ታሪክ ላይ «ድፍረት» የሚል ፊልም ተሠራ፣ ውጭ አገር ተሸለመ። በ2014 አዲስ አበባ ሊታይ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለጊዜው ታገደ። የከሰሰችው ራሷ ባለታሪኳ ናት፤ ታሪኬን ሳታስፈቅዱኝ ወሰዳችሁ ብላ። ፊልሙን የሠሩት ለክፋት አይመስለኝም። ለሴት ልጅ ብለው ነው፣ ጥሩ ነገር ለመናገር ነው። ግን በማን አፍ? እኔ ለሰላም ብዬ፣ እነሱ ለእኩልነት ብለው። እንግዲህ ዓላማው ቢያምርም የሰው ቃል የሰው ነው ለማለት ያህል ነው። የልጅ ልጄ በዚህ አልተስማማችም። «አንቺ የዋሸሽው ፊቷ ተቀምጣ ነው፣ አንድ አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት፣ አንድ አይደለም።

እዚህም ያየነው ትንሽ አይደለም። በ2000 ወጣቶቻችን ለማኅበረሰባችን የሕግ እርዳታ የሚሰጥ ድርጅት ሲያቋቁሙ ስሙን በአማርኛ ጠበቃ አሉት፣ ፈረንጁም «ተቤካ» እያለ ይጠራዋል። ነገር አባዢ የምንለው ቃል በር ላይ ተጽፎ ሳየው ሳቄ መጣ። ፕኒና ታማኖ ሻታ በ3 ዓመቷ በሱዳን መንገድ የመጣች ልጅ ናት፤ ሕግ ተምራ ጠበቃ ሆነች፣ በ2013 ክኔሴት ገባች፣ በ2020 ሚኒስትር ሆነች። በ2016 ከእኛው ሁለት ሴቶች ዳኛ ሆነው ተሾሙ፣ የመጀመሪያዎቹ። ከእነሱ በፊት እዚህ አገር ሮዛ ጊኖሳር የምትባል ሴት ነበረች፤ በእንግሊዞች ዘመን ጠበቃ እንድትሆን ራሷ ተሟግታ በ1930 አስፈቀደች። የልጅ ልጄ ይህን ስትነግረኝ «አየሽ ነጮቹም ለምነው ነው» አልኋት። ቢሆንም በራቢዎቹ ፍርድ ቤት፣ ጋብቻና ፍቺ በሚያልቅበት፣ ሴት ቆማ ትከራከራለች እንጂ ዳኛ ሆና የምትቀመጥ እስከ ዛሬ የለችም። ዲቦራ ብትመጣ ከዘንባባው ሥር ነው የምትቀር።

አንድ ነገር ልጨምር። አስተርጓሚን አገር ቤት ቱርጁማን እንለው ነበር፣ እዚህ ሜቱርገማን ይሉታል፣ ቃሉ አንድ ዘር ነው። ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ የእናት የአባታችሁ ቱርጁማን ነበራችሁ፤ አስተማሪ ስለ እናንተ የሚለውን እናንተው ነበር የምትተረጉሙት፣ ለውጣችሁም ታውቃላችሁ፣ አልታዘብኋችሁም። እኔ ግን ትልቅ ሰው ነበርሁ።

ዘንድሮ በሰግድ ሰሞን ቂርያት ጋት ሄድሁ። የልጅ ልጄ ልሸኝሽ ብትለኝ እምቢ አልሁ፣ ይህን ራሴ መናገር አለብኝ ብዬ። ሴትዮዋ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ልጆቿ አድገዋል። አወቀችኝ። በቀኝ በኩሏ ተቀመጪ አለችኝ፣ በሚሰማው ጆሮዋ በኩል። ቡና አፈላች። አቦሉን ጠጥተን ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ኪራይ አወራን። ቶናው ሲቀዳ ነገርኋት። አንቺ እፈራለሁ ብለሽ ነበር፣ እኔ አትፈራም ብዬ ነው ያጻፍሁት አልኋት።

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ያን ጊዜ ዕብራይስጥ ትንሽ ትንሽ እሰማ ነበር» አለች። «ሎ መፋሄዴት ስትዪ ሰምቻለሁ።»

ይቅር በይኝ አልሁ፣ ተነሥቼ እግሯን ልይዝ ስል ያዘችኝና አስቀመጠችኝ። ይቅር ብያለሁ አላለችም። አልልም ብላም አላለች። ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ወሰደች፣ በረካውን አልቀዳችም። እኔም አልጠየቅሁም። ውሃው ሲፈስ እየሰማሁ ትንሽ ተቀመጥሁና፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ይዤ ተነሣሁ። በር ላይ «ለፋሲካ ትመጫለሽ?» አለችኝ።